ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ላቁም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ የምተፋው አረፋ ቀላ ብሎ ይወጣል። ሕመም ግን የለውም። እንዲያገግም ብዬ የሚደማውን ቦታ ለሁለት ሳምንት ሳልነካው ብቆይ ጭራሽ ባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተዉትን ቦታ ዛሬ ማታ መቦረሽ ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ድድ የሚደማው ብሩሹ ስለቆረጠው አይደለም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፕላክ የሚባል የሚያጣብቅ የባክቴሪያ ሽፋን ይጋገራል፤ ድዱ የሚቆጣው በዚህ ነው። ቦታውን በሸሹት ቁጥር ሽፋኑ ይወፍራል፣ ድዱም ያብጣል፤ ያበጠ ድድ ደግሞ ገና ሲነኩት ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመ ጥናት ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደርጎ ነበር። ሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳኑ። የእርስዎም ችግር እዚህ ደረጃ ላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ጫፉን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው መስመሩ ላይ ያሳርፉትና ሁለት ሁለት ጥርስ እየያዙ ባለበት በትንሹ ያንቀጥቅጡት። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ቢይዙት አይጫኑትም፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ፀጉሩ ከተንጨባረረ እየተጫኑት ነው ማለት ነው። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች የውስጥ በኩል አደራ አይርሱ፤ የምራቅ መውጫው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ሽፋኑ ቶሎ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። በጥርስ መካከል ብሩሽ አይገባም፤ በቀን አንድ ጊዜ የጥርስ ክር ያስገቡና ጥርሱን አቅፎ ከድዱ ሥር ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ ያድርጉ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ለዚሁ የተሠራው ቀጭን ብሩሽ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ቢጨምር አይደንግጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ ግን የጥርስ ድንጋይ ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይዎት። ድንጋዩን ብሩሽ አያነሳውም፤ በመርፌ መፈልፈልም ድዱን ያቆስላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሟ በቀጭን ብረት ድዴን እየለካች «ሦስት፣ ሁለት፣ ስድስት» ስትል ሰማሁ። ምን ማለት ነው? ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ደግሞ በጥርሶቼ መካከል ክፍተት ታየ፣ ቀዝቃዛም ያመኛል። እጥበቱ ጎድቶኝ ይሆን?

መልስ፦ ቁጥሩ በድድና በጥርስ መካከል ያለው ኪስ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሚጠልቅ ይናገራል። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። እስከ 3 ያለው በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ ክትትል ይፈልጋል። ስድስት ሲባል ብሩሽም ክርም ከታች አይደርስም፤ በአብዛኛው ጥርሱን የያዘው አጥንትም መመናመን ጀምሯል። የአጥንቱን መጠን ራጅ ያሳያል።

ክፍተቱን እጥበቱ አልፈጠረውም። ቦታውን ሞልቶት የነበረው ድንጋይ ተነሳ፣ ያበጠው ድድ ሟሸሸ፣ ቀድሞ የደረሰው ጉዳት ታየ። የቀዝቃዛው ሕመም የተጋለጠው ሥር ስለሚሰማው ነው፤ ለዚህ የሚሆን የጥርስ ሳሙና ቢጠቀሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ኪሱ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ጥልቅ ከሆነ ድዱን ከፍቶ ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል። የጠፋ አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። ስለዚህ ቀጠሮዎን አያሳልፉ።

ጥያቄ፦ አጫሽ ነኝ፣ ድዴ ግን ደምቶ አያውቅም። ጤነኛ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማጨስ የድድን መድማት ስለሚሸፍን በሽታው ውስጥ ውስጡን ይገፋል። ጥርስ መነቃነቅ፣ ቦታውን መልቀቅ ወይም ረዝሞ መታየት፣ የማይለቅ የአፍ ሽታ ካለ ይመርመሩ። ምልክት ባይኖርም ኪሱን ያስለኩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ማድረግ አለበት፤ ስኳሩ ድዱን፣ ድዱም ስኳሩን ያባብሳል።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ ወይም መጉመጥመጫ ብቻ ቢሆንስ?

መልስ፦ ብቻውን አይሆንም። ሽፋኑና ድንጋዩ እዚያው እያለ መድኃኒቱ በሚገባ ዘልቆ አይገባም። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫ ከታዘዘልዎ 0.2 በመቶ የሆነውን 10 ሚሊ ሊትር ለአንድ ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ ከቦረሹ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ የሳሙናው ቅሪት ኃይሉን ይቀንሰዋልና። ሐኪም ካላዘዘ ከሁለት ሳምንት አይለፉ፤ ጥርስን ያጠቁራል፣ ጣዕምንም ያዛባል። ነገር ግን ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ መጉመጥመጫውን ትተው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።