ቀጤ ማዕዘኑ የት አለ? ስለ ፓይታጎረስ ቲዎረም የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና በሚዘጋጁበት በዚህ ሰሞን፣ ስለ ፓይታጎረስ ቲዎረም ጥያቄ ያለው ሁሉ፣ ተማሪም ወላጅም ባለሙያም፣ እንዲጠይቀኝ ጋብዤ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ አንዱ ማዕዘኑ ቀጤ (90 ዲግሪ) በሆነ ጎነ ሦስት የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ዳግም ርቢ (እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) ሲደመር፣ ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ካለው ረጅም ጎን፣ ማለትም ከሃይፖቴኑሱ፣ ዳግም ርቢ ጋር እኩል ይሆናል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጎኖቹ 13፣ 13 እና 10 ሳንቲ ሜትር የሆነን ጎነ ሦስት ስፋት ፈልጉ ተብለን ነበር። ቀጤ ማዕዘን የለውም፤ መልሱ ላይ ግን ፓይታጎረስ ገብቷል። ከየት መጣ? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ የዚህ ትምህርት እምብርት ነው። በፈተና ላይ ቀጤ ማዕዘኑ ተሥሎ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራስሽ መፍጠር ይኖርብሻል። ከላይኛው ጫፍ ወደ 10ሩ ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር አስምሪ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ መስመሩ 10ሩን ጎን 5 እና 5 አድርጎ ይከፍለዋል፤ መስመሩ ባረፈበት ቦታም ሁለት ቀጤ ማዕዘኖች ይወለዳሉ። አሁን 13 ሃይፖቴኑስ፣ 5 አንዱ አጭር ጎን ነው። ከ169 ላይ 25 ሲቀነስ 144 ይቀራል፤ ዳግም ዘሩ 12 ስለሆነ ከፍታው 12፣ ስፋቱም 10 በ12 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የክብ ጥያቄም በዚሁ መንገድ ይፈታል፦ ሬዲየሱ 25፣ አውታሩ (ክቡ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር) 14 ከሆነ፣ ከመሃሉ ወደ አውታሩ ቀጥ ያለ መስመር አውርደሽ አውታሩን ለሁለት ስትከፍዪው ርቀቱ 24 ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 እና 8ን ደምሮ ሃይፖቴኑሱ 14 ነው ይለኛል። እንዴት ላስረዳው? (እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሜዳ ላይ ይውሰዱት። 6 እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ በቀጤ ማዕዘን ታጥፎ 8 እርምጃ ይሂድ፤ ሲመለስ ግን በአቋራጭ ይምጣ። አቋራጩ ከዙሪያው መንገድ እንደሚያጥር እግሩ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ 36 እና 64 ተደምረው 100፣ ዳግም ዘሩም 10 መሆኑን ሲያሳዩት ይቀበላል።

ጥያቄ፦ ሳይት ላይ መሠረት ስናወጣ በሲባጎ 3፣ 4፣ 5 እንለካለን። ይህ ፓይታጎረስ ነው? በትንሹ 30፣ 40፣ 50 ሳንቲ ሜትር ብንለካስ? (ግንበኛ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትጠቀሙበት የቲዎረሙ ግልባጭ ነው፤ ማለትም የሦስቱ ጎኖች ልክ ያንን እኩልነት ካሟላ ማዕዘኑ ቀጤ ነው ማለት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ በመጀመሪያው መጽሐፉ ቲዎረሙን በ47ኛው፣ ግልባጩን በ48ኛው ሐሳብ ለየብቻ አረጋግጧቸዋል። በትንሹ መለካትን ግን አልመክርህም። በ30፣ 40፣ 50 ላይ ሰያፉን፣ ማለትም የ50ውን ጎን፣ በ1 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝመው፣ 10 ሜትር ግድግዳ ጫፉ ላይ ሲደርስ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ላይ ያው ስሕተት የሚያስከትለው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቦታው ከፈቀደ በ6፣ 8 እና 10 ሜትር ለካ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ግቢ ስላየሁት ነው። ያሠራሁት ሰርቪስ ቤት ልኩ 3.60 በ4.80 ሜትር ነበር፤ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ሰያፉም በትክክል 6 ሜትር መሆን ነበረበት። ሴራሚክ ሲነጠፍ በአንደኛው ግድግዳ በኩል የሚቆረጠው ቁራጭ እየጠበበ እየጠበበ ሄደ። ሁለቱን ሰያፎች በሜትር ስለካ አንዱ 6.09፣ ሌላው 5.91 ሆነ፤ በ3.60ው ግድግዳ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል መዛነፍ ነበር። ቱንቢውም ውሃ ልኩም ግድግዳው ቀጥ ማለቱን አሳይተዋል፤ የወለሉን ማዕዘን ግን የለካው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ግንብ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ሰያፎች ለኩ።

ጥያቄ፦ 5 ሜትር መሰላል እግሩ ከግድግዳ 1.4 ሜትር ቢርቅ ምን ያህል ከፍ ይላል? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ መሰላሉ ራሱ ሃይፖቴኑስ ስለሆነ እዚህ የሚያስፈልገው መቀነስ ነው፤ ከ25 ላይ 1.96 ሲቀነስ 23.04፣ ከፍታው 4.8 ሜትር። እግሩ ተንሸራትቶ 3 ሜትር ቢርቅ ጫፉ 4 ሜትር ላይ ይሆናል፤ እግሩ 1.6 ሲሄድ ጫፉ የወረደው 0.8 ብቻ መሆኑን ልብ በል። ይህ ሁሉ የሚሠራው መሬቱ ሜዳ ከሆነ ነው። በእንጦጦ ግርጌ እንዳለው ተዳፋት ላይ ግድግዳውና መሬቱ ቀጤ ማዕዘን ስለማይሠሩ ስሌቱ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ቲዎረሙን ያገኘው ፓይታጎረስ ነው? እውነት መሆኑንስ በምን እናውቃለን? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ባቢሎናውያን ከፓይታጎረስ ከ1000 ዓመት በላይ ቀድመው ይህን ዝምድና ያውቁት እንደነበር የሸክላ ጽላቶቻቸው ይመሰክራሉ። ማረጋገጫውን ግን በመቀስና በወረቀት በእጅህ ልትሠራው ትችላለህ። አጫጭር ጎኖቻቸው 3 እና 4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቀጤ ማዕዘን ያላቸው ጎነ ሦስቶች ቁረጥ፤ ጎኑ 7 በሆነ ካሬ አራት ጥግ ላይ፣ በእያንዳንዱ የካሬው ጎን 3 እና 4 እየተከታተሉ እንዲገጥሙ አድርገህ አስቀምጣቸው። መሃል ላይ ዘንበል ያለ ክፍት ቦታ ይቀራል። ጎኖቹ አራቱ ሃይፖቴኑሶች ናቸው፤ ማዕዘኖቹም ቀጤ ናቸው፣ ምክንያቱም በካሬው ጎን ላይ የሚገናኙት ሁለት ሹል ማዕዘኖች ተደምረው 90 ስለሚሆኑ ከ180 የሚቀረው 90 ነው። ስፋቱም ከካሬው 49 ላይ የአራቱ ጎነ ሦስቶች 24 ሲቀነስ 25 ነው። አሁን እነዚያኑ አራት ወረቀቶች ሁለት ሁለቱን እያጋጠምህ 3 በ4 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች ሥራና በዚያው ካሬ ውስጥ አንዱን ከአንድ ጥግ አጋድመህ፣ ሌላውን ከተቃራኒው ጥግ አቁመህ አስቀምጥ። ክፍት የሚቀሩት አንዱ 9፣ ሌላው 16 ስፋት ያላቸው ሁለት ካሬዎች ይሆናሉ፤ ካሬውም ወረቀቶቹም ያው ስለሆኑ 9 ሲደመር 16 ከቅድሙ 25 ጋር እኩል ነው።