ከጳጉሜን 5 በኋላ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ተጠሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ በሕይወት ተርፏል። ክበባችን በዓመት አንድ ቀን በሰልፍ ላይ ንግግር ከማሰማት ያለፈ ሥራ ስላልነበረው፣ ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ ምን እንደምንለው እንኳ አላወቅንም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ «ስለዚህ ጉዳይ መናገር ሐሳቡ ላልነበረው ልጅ ማስተማር ነው» ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ምን ብንሠራ ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከባልደረቦችዎ ስጋት ልጀምር። የተጨነቀን ሰው ለብቻው አድርጎ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ እንዲያውም ብዙዎች ለወራት ብቻቸውን የተሸከሙትን ነገር የሚናገሩት እንዲህ በግልጽ የጠየቃቸው ሰው ሲያገኙ ነው። የሚጎዳው ሌላ ዓይነት ወሬ ነው። ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ መዘርዘር፣ ወይም «ፈተና ወድቆ ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ምክንያት ማሳበብ በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያለውን ሌላ ልጅ ለአደጋ ያጋልጣል።

ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን የሚታሰበው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ነው። በዚያን ዕለት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቤተሰቡም ለዘመን መለወጫ ይጣደፋል። የአእምሮ ጤና ቀን የሚውልበት የመስከረም መጨረሻም ትምህርት ገና የሚጀመርበት ወቅት ነው። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ልጆቹ በሚከብዳቸው ጊዜ ላይ ብትመሠርቱት እመርጣለሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እርስዎም ያስታውሳሉ። ውጤት መውደቅ ብቻውን ለዚህ አያደርስም፤ ነገር ግን በድባቴ፣ በሱስ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ወይም ዞናችን ባለፉት ዓመታት ባየው መፈናቀልና ሐዘን ላይ ሲደረብ ሸክሙ ይከብዳል። ውጤት በሚነገርበት ሳምንት መምህራን ተማሪዎችን ተከፋፍለው በየቤታቸው ቢጠይቋቸው ከብዙ ንግግር ይልቃል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ልቤን የነካው እርሱ ነውና። ከዚህ ቀደም መሞከር ለዳግም አደጋ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ዋነኛው ሲሆን፣ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ቤት የተመለሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት በተለይ አስጊ ናቸው። ይህ ልጅ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ፣ የክፍል ጓደኞቹ ብርቱካን ይዘው «እግዚአብሔር ይማርህ» ለማለት ይሄዱ ነበር፤ እናቱም ቡና አፍልታ ትቀበላቸው ነበር። በዚህ ሕመም ግን ጎረቤቱ መንገድ ይቀይራል፣ ቤተሰቡም በር ይዘጋል። እንደ ማንኛውም ታማሚ ይጠየቅ። ራሱ የሚመርጠው አንድ መምህር በየሳምንቱ ያግኘው፤ በክፍል ፊት ምንም አይጠየቅ፤ ሲመለስም «እንኳን መጣህ፤ ስትፈልግ አለሁ» ማለት ለጅማሬ በቂ ነው።

ከወላጆቹም ጋር አንድ ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። የሰብል ፀረ ተባይ፣ የተጠራቀመ ክኒንና የጦር መሣሪያ ከልጁ መራቅ አለባቸው፤ ጠመንጃ ያለው አባት ለጥቂት ወራት ዘመድ ዘንድ ቢያስቀምጠው ነውር የለበትም። ራስን የማጥፋት ፍላጎት ብዙ ጊዜ በርትቶ የሚቆየው ለአጭር ሰዓት ነው፤ ያን ሰዓት ያለ አደጋ ያሳለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ በዚህ መንገድ የሚጠፋው ሕይወት በከፍተኛ መጠን ቀንሷል።

ሕክምናውን በተመለከተ በቅርብ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚወስድበት ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ያቋርጡታል፤ ያለ ሐኪም ምክር መቋረጥ የለበትም። ቤተሰቡ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሊወስደው ከፈለገ አይከልክሉት፤ ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ ግን አደራ ይበሏቸው። እየዋጡ መጠመቅ ይቻላል።

አንድ ተማሪ ዛሬ መጥቶ «ለማንም አትንገሩብኝ» ብሎ ይህን ሐሳብ ቢነግርዎ፣ ምስጢሩን ለመጠበቅ ቃል አይግቡለት። ለሚረዱት ሰዎች ብቻ እንደሚናገሩ በእውነት ይንገሩት፤ ብቻውንም አይተዉት፤ ከሚያምነው ሰው ጋር ሆናችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን ገጽ የሚያነብና ሐሳቡ በራሱ ላይ የደረሰ ካለም፣ ዛሬውኑ ከአጠገቡ ላለ አንድ ሰው ይንገር።