ቲሸርቱ እየተለጠጠ ላስቸገራት እህት

ጥያቄው እዚሁ ጅማ ካለች አንባቢ የመጣ ነው። የሟች ወንድሟን ቲሸርቶች ገጣጥማ ለእናቷ የማስታወሻ አልጋ ልብስ መስፋት ጀምራለች። አራቱን በካሬ ቆርጣ ስታያይዛቸው ግን ጠርዙ ተወላገደ፤ መኪናውም ስፌት እየዘለለ አስቸገራት። የአንደኛው ጽሑፍ ደግሞ ካውያ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። የቲሸርት ጨርቅ እንደ አቡጀዲ በድርና ማግ አልተሸመነም። እንደ ሹራብ ክሩ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ነው፤ ለዚህ ነው የሚለጠጠው። መለጠጡን ሳታቆሚ ከቆረጥሽ ልኩን መቼም አታገኚውም።

የሚያቆመው ኮሌታ ውስጥ የምናስገባው፣ በካውያ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ነው። ሂርማታ ገበያ ስትወጪ የስፌት ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቂ፤ ስሱን ምረጪ። ቲሸርቱን መጀመሪያ እጠቢው፣ ማለስለሻ ግን አትጨምሪ። ደረቱን ከሚያስፈልግሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪና ገልብጪው። ማጠንከሪያው በአንድ በኩል ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ሙጫው እሱ ነው፣ ወደ ጨርቁ ይዙር። ካውያውን አትጎትቺው። ጫን አድርገሽ 10 ሰከንድ ያህል ያዢ፣ አንሺ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ አሳርፊ። በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ በልኩ ቁረጪ። ልኩን ካርቶን ላይ አውጥተሽ እሱን እያስቀመጥሽ ብትቆርጪ ሁሉም እኩል ይወጣል።

የቆረጥሻቸውን አራቱን እንዳትጥያቸው። ስፌቱን ፍቺ፣ ሳትጎትቺ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊያቸውና ማጠንከሪያውን ለጥፊባቸው። ከዚያ ከሁሉም ያነሰውን ለኪ፤ የሌሎቹም ልክ እሱ ይሁን።

ጽሑፍና ሥዕል ላይ ካውያ በቀጥታ አይሄድም፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይልበስ። የጅማ አባ ጅፋር ማልያም አለው ብለሻል። ክለቡ በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ትዝታ ከሆነማ የበለጠ ተጠንቀቂለት። ማልያ ፖሊስተር ነው፣ በሙቀት ይቀልጣል። ካውያውን ዝቅ አድርጊና መጀመሪያ እጅጌው ላይ ሞክሪ።

ስፌት የሚዘለው በመርፌው ነው። ለሹራብ ጨርቅ የሚሆን፣ ጫፉ ድብልብል ያለ መርፌ አለ፤ እሱን ግዢ። የስፌቱን እርምጃ 3 ሚሊሜትር አድርጊ፣ ጨርቁን ከኋላ አትሳቢ፤ መኪናው ራሱ ይውሰደው።

ለውስጡ የተነደፈ ጥጥ አልመክርሽም። ሲታጠብ ይጓጉላል፣ በጅማ ክረምት ደግሞ መች ይደርቃል? ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል። ሦስቱን ድርብ፣ ማለትም የቲሸርቱን ፊት፣ ብርድ ልብሱንና የጀርባውን ጨርቅ፣ በየካሬው ማዕዘንና መሐል ላይ በጠንካራ ክር በእጅሽ ቋጥሪው፤ የእግር መኪና ያን ሁሉ ውፍረት አይችለውም።

የደረት ኪስ ያለው ካለ ኪሱን አትንቀዪው። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ስሰፋ እንዲሁ ትቼላቸው ነበር። ሲረከቡኝ መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን እዚያ ኪስ ውስጥ መክተት ነው።