ጎልማሶች ግራፍን ሠርተው ይወቁት

ጥያቄ፦ ጎልማሶችን ማታ ማታ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቁጥር አንብበው ይደምራሉ፤ ግራፍ ስዘረጋላቸው ግን «ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው» ብለው ይሸሻሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የተዘጋጀ ግራፍ ከማስነበብዎ በፊት የራሳቸውን ቢያሠሯቸው እንደሚሻል አጥብቄ አምናለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በሰባት ቀናት ውስጥ በየዕለቱ ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደጠጣ መዝግቦ ይምጣ፤ ከዚያም እኩል የተቆረጡ ወረቀቶችን፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ ወረቀት እያደረገ፣ ከየቀኑ ስም በላይ ወደ ላይ ይደርድር። የማክሰኞው ድርድር የሰኞውን በሁለት ወረቀት ሲበልጥ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቋሚው መስመር ብዛትን፣ አግድሙ ደግሞ ቀናትን እንደሚያመለክት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ርእሱንና መለኪያውንም ራሱ ይጻፍ።

ኀፍረት ለሚሰማቸው ይህን ይንገሯቸው፦ ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ዊልያም ፕሌይፌር የንግድ አኀዞችን በመስመርና በባር ግራፍ (እንደ ወረቀቶቹ ድርድር ብዛትን በዓምድ ቁመት በሚያሳይ ግራፍ) ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 ነው፤ የዘመኑ ምሁራንም አነባበቡን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።

መስመር ግራፍ የት እንደሚስማማም ያሳዩአቸው፦ ቀናትን በመስመር ማያያዝ ለውጥን ያሳያል፤ ቅደም ተከተል የሌላቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ የፍራፍሬ ዓይነቶችን፣ ማያያዝ ግን ትርጉም የለውም።

ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የቋሚው መስመር መነሻ ነው። 48ንና 50ን የሚያነጻጽር ባር ግራፍ ከዜሮ ሲነሣ ሁለቱ እኩል ሊመስሉ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ከ46 ሲነሣ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ይታያል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሥሏቸውና፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ሥዕሉ ለምን እንደተለወጠ በራሳቸው አንደበት እስኪያስረዱ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቋቸው።