ቢጫው የት ላይ ያበቃል?

ልጆቼ፣

በወሎ ደጋ ወፍ መለየት ስትጀምሩ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሣር ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ሲል ወዲያው ስም ታወጡለታላችሁ። በቦሩ ሜዳም ሆነ በደላንታ ቢጫ የለበሰው ወፍ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቢጫነቱን ተዉትና ቢጫው የት ላይ እንደሚያበቃ እዩ።

ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ባለረጅም ጥፍሯ ወፍ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ፣ ቢጫዋ ጉሮሮዋ ላይ ያልቃል። የእንቁላል አስኳል የመሰለውን ጉሮሮ ጥቁር ማተብ ይከበዋል፤ ከማተቡ በታች ሆዷ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከከብት እግር ሥር የሚሯሯጠው ቀጭን ወፍ ግን ማተብ የለውም። በተለይ አውራው፣ ወደ መጋቢት ገደማ፣ ከጉሮሮው እስከ ጅራቱ ሥር ወጥ ቢጫ ይሆናል፤ ጅራቱንም ሳያሳርፍ ያወዛውዛል።

የሚያስቸግረው ጀርባዋን ስትሰጣችሁ ነው። ቡናማው ላይ ጥቁር ጭረት ስላለባት የደረቀ ጓሳ ትመስላለች። ያኔ አትቸኩሉ፤ እስክትነሣ ጠብቁ። ስትበር በጅራቷ ጫፍ ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ ማዕዘን ይታያል። ነጩ በጅራቱ ጠርዝ ከሥር እስከ ጫፍ ከወረደ ሌላ ወፍ ነው፤ ነጭ ከሌለውና አናቱ ላይ ሹል ቁንጮ ካለው ደግሞ ዘመዷ ሳይሆን የሌላ ቤተሰብ ወፍ ነው። ጥፍሯን ለማየት አትድከሙ፤ ሣሩ ይሸፍነዋል።

ገና ያልጎለመሰችው ጉሮሮዋ ቢጫ አይደለም፣ ማተቧም የተበታተነ ነጠብጣብ ነው። እንዲህ ያለችውን "ያልጎለመሰች ሳትሆን አትቀርም" ብላችሁ መዝግቡ እንጂ አዲስ ወፍ አታድርጓት።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ከሆነች ቢጫውም ጥቁሩም አንድ ጥላ ይሆናል። 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ ባይኖኩላር ይበቃል፤ 10 የሚያጎላው በደጋ ነፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ማስታወሻችሁ ላይ መጀመሪያ ጉሮሮ፣ ቀጥሎ ማተብ፣ ሆድ፣ ጅራት ጻፉ፤ ስሙ በመጨረሻ ይምጣ።

ድንጋይ ወይም የሣር ጉብታ ላይ ቆማ፣ እናንተን እያየች ደጋግማ ካፏጨች፣ ጎጆዋ እግራችሁ አጠገብ ሊሆን ይችላል። የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። የመጣችሁበትን ዱካ ረግጣችሁ ተመለሱ።