ማጥፊያ ከመግዛትህ በፊት ዳክቱን ዝጋ

«ካዛንቺስ ጂ+5 እየሠራሁ ነው፣ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፤ ስንት የእሳት ማጥፊያ ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ፦ ማጥፊያው ይደርሳል። አሁን ሶሌታ (የፎቁን የአርማታ ወለል) እየሞላህ ከሆነ የሚያስቸኩልህ ሌላ ነው።

1. የኤሌክትሪክ ዳክት፣ ማለትም ገመዱ ከፎቅ ፎቅ የሚወጣበት ቀጥ ያለ ክፍተት። ከምድር እስከ ጣሪያ ክፍት ከተተወ ጭስ ማውጫ ሠራህ ማለት ነው። ታች ሱቅ ካርቶን ቢያያዝ ጭሱ ሽቅብ ተስቦ አምስተኛ ፎቅ የተኛውን ሰው ያፍነዋል፣ እሳቱ ገና ታች እያለ። ሶሌታው ሲሞላ በዳክቱ ቀዳዳ ላይ ፌሮውን አታስቆርጥ፣ እንዳለ ይለፍ። ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ክፍተቱን በሶሌታው ውፍረት ልክ አርማታ ሙላው። ለወደፊት ገመድ ሁለት ባዶ ቱቦ አስቀር፤ ውስጣቸውን 10 ሳንቲም ያህል ሮክ ዉል (የማይነድ የድንጋይ ጥጥ) ጠቅጥቀህ ከላይም ከታችም እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ድፈነው። ኤሌክትሪሻኑ ቢጫውን የመስኮት ፎም ይዞ ይመጣል፣ በአምስት ደቂቃ ስለሚያልቅለት። እምቢ በለው፤ ፎሙ ራሱ ይነዳል።

የፍሳሽ ቱቦ ደግሞ ይብሳል። 110 ሚሊ ሜትሩ ፕላስቲክ ቀልጦ ሲወርድ ሶሌታው ላይ የቱቦውን ያህል ቀዳዳ ይቀራል። በሙቀት አብጦ ቱቦውን ጨምቆ የሚዘጋ ቀለበት አለ፣ ከሶሌታው ሥር ይታሰራል። ውድ ነው። ከቻልክ የውሃውን ዳክት ከኤሌክትሪኩ ለይ።

2. ደረጃው በሱቁ ውስጥ አይውጣ። በ20 ሳንቲም ብሎኬት ተከልሎ በቀጥታ ወደ መንገድ ይውጣ፣ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። ዘበኛው ማታ በሰንሰለት የሚቆልፈው በር መውጫ አይባልም። የደረጃው ግድግዳ በየሦስት ረድፉ በ6 ሚሊ ፌሮ ከኮለኑ (ከምሰሶው) ጋር ይታሰር፤ በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል እዚህ ድረስ የተሰማውን መንቀጥቀጥ አስታውስ፣ ያልታሰረ ብሎኬት የሚወድቀው ማምለጫህ ላይ ነው።

3. የዳክቱ መክፈቻ በርም ወደ ደረጃው አይዙር፣ ወደ ኮሪደር እንጂ። ቺፕውድ አይሆንም። (ይኼ ቁጥር 1 ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ሁሉም ነገር ወደ ዳክቱ ይመለሳል።) ፕላን በሚጸድቅበት መስኮት ላይ «ጎድሏል» ብለው ምኑ እንደጎደለ ሳይነግሩ የሚመልሱ አይጠፉም፤ በየፎቁ አዘጋጉን የሚያሳይ ዲቴይል (ዝርዝር ሥዕል) በ1፡20 ስኬል አሥለህ ሂድ። ሥዕሉ ለግንበኛውም ይጠቅማል፣ በቃል የተነገረውን አይሠራውም።

ማጥፊያውን በተመለከተ፦ በየፎቁ ደረጃው አጠገብ ባለ 6 ኪሎ ዱቄት፣ ለኤሌክትሪክ ቦርዱ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የእሳት አደጋን ስልክ፣ 939ን፣ ከጎኑ ጻፍ። የዱቄቱን ጠርሙስ በየጊዜው ገልብጠህ አራግፍ፣ ታች ይጋገራል።