የእናቴን ሲቲ ስካን እንዴት ልላከው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እናቴ እዚሁ ጎንደር የደረት ሲቲ ስካን ተነሳች። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም እንዲያይልን ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ በስልኬ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁለት። «በዚህ ምንም ማለት አልችልም፤ ዋናውን ላኪልኝ» አለኝ። ዋናው ፊልሙ አይደል እንዴ? እንደገና ልትነሳ ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እታለም፣ ለማስነሳት አትቸኩዪ። ድጋሚ ጨረር፣ ድጋሚ ወጪ ነው። ዋናው ፊልሙ ሳይሆን ማሽኑ ያስቀረው ፋይል ነው።

ፀጉሬ የሸበተው ራጅ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። የደረት ሲቲ 300 ስዕል ሊኖረው ይችላል። ፊልሙ ላይ የምንደረድረው መርጠን ነው፤ ያውም በመረጥነው ብርሃን ደርቆ ይቀራል። ፋይሉ ካለው ግን ሐኪሙ ያንኑ ስዕል አንዴ ለሳንባ፣ አንዴ ለአጥንት አስተካክሎ ያየዋል።

ፋይሉ ዳይኮም ይባላል። በዚህ ስም የሚታወቀው ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ጥቅሙ፣ የአንዱ ኩባንያ ማሽን ያነሳውን የሌላው ኮምፒውተር መክፈቱ ነው። የእናትሽ ስምና የካርድ ቁጥርም እዚያው ውስጥ ስላለ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው።

የካርድ ቁጥሯን ይዘሽ ወደተነሳችበት ሂጂና «ዳይኮሙን ገልብጡልኝ» በያቸው። ቶሎ ሂጂ፤ አንዳንድ ቦታ ማሽኑ ሲሞላ የቆየው ይሰረዛል። ፍላሽ ከያዝሽ አዲስ ይሁን፤ ቫይረስ ስለምንፈራ ያገለገለ ስናይ ፊታችን ይጠቁራል።

ሲገለብጡልሽ ሙሉ ፎልደሩ መሆኑን እዪ። እኔ፣ የሙያው ሰው ነኝ ባዩ፣ የወንድሜን ኤምአርአይ ይዤ ባሕር ዳር ወርጄ ነበር። ፍላሹ ሲሰካ ለካ የገለበጥሁት ፎልደሩን ሳይሆን የመክፈቻዋን ምልክት (ሾርትከቷን) ብቻ ኖሯል! ወደ 180 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ባዶ ፍላሽ። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሻይ ጠጡ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ላፕቶፕ ከፍቼ ሳላይ ከበር አልወጣም።

ከዚያ ፎልደሩን ዚፕ አድርጊና (ማለት ወደ አንድ ፋይል ጠቅልይና) ቴሌግራም ላይ «ፋይል» የሚለውን መርጠሽ ላኪ። «ፎቶ» የሚለው ስዕልን ጨምቆ ያበላሻል። 300 ስዕል ወደ 150 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ ኔትወርክ ካስቸገረሽ ሌሊት ሞክሪ። ዚፑን በይለፍ ቃል ከቆለፍሽው ቃሉን ለሐኪሙ ደውለሽ ንገሪው እንጂ እዚያው አትጻፊ።

የሪፖርቱን ወረቀት ግን በስልክሽ ብታነሺው ችግር የለውም። እሱ ፊደል ነው፤ ይነበባል።